ፎስፌት አውላቂዎቹና የእኔ ግዝት

ሰው የሚመሰገነው ባኖረው ነገር ነው። አጥር ያጠረ፣ ምሰሶ ያቆመ፣ ደንብ ያወጣ፣ ኮሚቴ ያቋቋመ ስሙ ይጠራል። ያኖረውን በጊዜው ስላነሳ ሰው ግን ሲወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። በቀበሌያችን ኮሚቴ ሲቋቋም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አጨብጭቤያለሁም። ሲፈርስ ግን አንድም ቀን አላየሁ። የቧንቧ ውሃ ኮሚቴያችን ቧንቧው ከደረቀ በኋላ እንኳ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ማኅተም ነበረው። መንገድ ዳር የተተከለ የአንድ ፕሮጀክት ታፔላም አለ። ፕሮጀክቱ ካለቀ ቆይቷል፤ ሠራተኞቹም ጠረጴዛቸውን ጭነው ሄደዋል። ታፔላው ግን እዚያው ቆሞ ፍየል ይታከክበታል። የተከለው ሰው ተሸልሟል አሉ። ለመንቀል የመጣ የለም።

እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። በሬ ላይ ቀንበር መጫን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ስንት ሰዓት መውረድ እንዳለበት ግን ያስተማረኝ የለም። እሱን የተማርኩት ከበሬው አንገት ቁስል ነው።

ይህን ስል ፈላስፋ እንዳልመስላችሁ። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ ውስጥ እንሰት፣ ገብስና ስንዴ የማመርት፣ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ገበሬ ነኝ። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ቤቴ ውስጥ የምናገረው ሦስት ዓይነት ነገር ነው፤ «አምጡ»፣ «ዝም በሉ» እና «ይበቃል»። እነዚህን ሦስቱን በደንብ ስለምናገራቸው አራተኛ የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? እውነት ነው። ከዝም ባለ አፍ የሚወጣ ነገር ግን አልፎ አልፎ ከዝንብ ይብሳል። ይህን የምጽፈውም ስላፈርኩ ነው። በአፌ አልወጣ ያለኝ በእስክሪብቶ ይወጣ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው።

አሁን ወደ ፎስፌት ልውሰዳችሁ።

አትደንግጡ፤ ለገበሬ ፎስፌት ባዳ አይደለም። ይህ ነገር በሆነበት ጊዜ በቀበሌያችን የዳፕን ስም ሳይጠራ የሚያልፍ ስብሰባ አልነበረም። ዳፕ ማዳበሪያ ነው፤ ውስጡ ያለው ደግሞ ፎስፌት ነው ብሎ የልማት ሠራተኛው አስተምሮናል። በሳምንት ሁለቴ እንሰበሰባለን። ሁለቴም «ጨምሩ» እንባላለን። ሞዴል አርሶ አደር ተብዬ ስለነበር ከፊት ወንበር ተቀምጬ እንደምጨምር ቃል እገባለሁ። ከኋላ የተቀመጡትም እኔን አይተው ቃል ይገባሉ። መጨመር የመንግሥት ነበር፣ የእግዚአብሔርም ይመስል ነበር። ስለመቀነስ፣ ስለማንሳት፣ ስለማውለቅ የሚናገር ሰው ብታዩ ለስብሰባው ያልተመቸ ሰው ነው ትላላችሁ።

እንግዲህ እዩት፤ ሁሉም ፎስፌት ጨምሩ በሚልበት አገር የእኔዋ ልጅ ታደለች ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፎስፌት ስለሚያወልቁ ነገሮች ታጠና ጀመር።

ነገሩን ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። ታደለች የምትማረው ባዮሎጂ ነው፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም ከእኛ ብዙ ስለማይርቅ ቅዳሜና እሁድ ወደ ቤት ትመጣለች። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በጓሮ በኩል ሳልፍ ከእንሰቶቹ መሃል የሰው ድምፅ ሰማሁ። የሚናገረው ሰው ሳግ የለው፣ ማፈር የለው፤ እንደ ወንዝ ይወርዳል። ጎንበስ ብዬ በቅጠሎቹ መሃል ሳይ ልጄ ናት። ብቻዋን ቆማ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቀላቅላ ለእንሰቶቹ ታስተምራለች። አንዱን እንሰት በጣቷ እያመለከተች «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለችው። ምን ጠይቋት እንደሆነ እንጃ።

እግሬ ደረቅ ቅጠል ረገጠ። ዞር ብላ ስታየኝ ድምፅዋ እንደተዘጋ ቧንቧ ቆመ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አልኳት።

«ልምምድ ነው፣ አባ። ሐሙስ መምህራኑ ፊት ቆሜ ያጠናሁትን አቀርባለሁ። ጥያቄ ይጠይቁኛል። ካላለፍኩ ዘንድሮ አልመረቅም።»

እኔ እንግዲህ በሌላ ቀን ቢሆን «ይበቃል» ብዬ አልፌ እሄድ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ያ እንደ ወንዝ የሚወርደው ድምፅ ስላስገረመኝ ነው መሰለኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ብቻችንን ስንሆን ታወራኛለች፤ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ብቻችንን ስንሆን።

ግማሹን በሀዲይኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አስረዳችኝ። ሰውም እንሰትም ከሴል የተሠራ ነው፤ ሴል ዓይን የማያየው ጥቃቅን ቤት ነው። በቤቱ ውስጥ ደግሞ እንደ እልፍኝ ያለ ክፍል አለ፤ ኒውክለስ ይባላል፤ የዘር መመሪያው ሁሉ የተቀመጠው እዚያ ነው። መመሪያውን የሚያነቡት፣ የሚጠብቁት፣ የሚያስፈጽሙት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን መቼ መሥራት፣ መቼ ማረፍ እንዳለበት የሚነገረው ግን በጩኸት አይደለም። አንዲት ፎስፌት ትለጠፍበታለች፤ ወይ ትነሳለታለች። በቃ።

«እንደ ዳፑ ያለ ፎስፌት?» አልኳት።

«ዘሩ አንድ ነው፣ አባ። አንተ በኩንታል ታውቀዋለህ፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ አንዷ ትበቃለች። አንዳንዱ ፕሮቲን ፎስፌት ሲለጠፍበት ይነሳና ይሠራል። አንዳንዱ ደግሞ አፉን እንደታሰረ ጥጃ ዝም ይላል። እስኪያወልቁለት።»

«ማን ነው የሚያወልቅለት?»

«ሌሎች ኢንዛይሞች አሉ። ፎስፋቴዝ ይባላሉ። የእኔ ጥናት እነሱ ናቸው፤ ኒውክለስ ውስጥ ያሉት።»

«የለጠፈው ራሱ አያወልቅም?»

«አያወልቅም። መለጠፍ ሌላ ኢንዛይም ነው፣ ማውለቅ ሌላ።»

ይህ አልተዋጠልኝም። «በእኛ አገር» አልኳት፣ «ያሰረ ነው የሚፈታ።»

 ታደለች ቀና ብላ አየችኝና «አውቃለሁ» አለች። አሁንም ድረስ ያ አስተያየት ዓይኔ ላይ አለ። የሆነ ነገር ተቀብሎ ለመሄድ በር ላይ የቆመ ሰው እንደሚያይ ነው ያየችኝ። እኔ ግን ምን ብዬ እንደ ነበር ልንገራችሁ? ልጅቱ ደክሟታል አልኩና «ባይወልቅስ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እንደታሰረ ይቀራል። ሴሉ ሌላ መንገድ ፈልጎ ይኖራል። አንዳንዴም ይታመማል።»

«ይበቃል» አልኩና ተነሳሁ።

በእኛ አገር ያሰረ ነው የሚፈታ ያልኩት ስለ ከብት ገመድ አይደለም። አባት በልጁ ላይ፣ ሽማግሌ በጎረቤቱ ላይ «ይህን እንዳታደርግ» ብሎ ከገዘተ ቃሉ ተራ ቁጣ ሆኖ አይቀርም፤ ይጸናል። በአማርኛ ግዝት ቢባል ይቀርበዋል። ያን ቃል እናት አትሽረውም፤ ጎረቤት አይሽረውም፤ ዓመት ስላለፈው አይላላም። የሚያነሳው ያው የተናገረው ሰው ብቻ ነው፤ ያውም በአፉ። ከተናገሩት የወለዱት ይጥፋ ይላል አማራው፤ እኛም በራሳችን ቋንቋ የምንለው ከዚያ አይርቅም። ወጣት ሳለሁ ይህ ተረት ያኮራኝ ነበር። የቃል ሰው ነኝ እል ነበር። የወለዱት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ገና አላየሁማ።

ሐሙስ ጠዋት ነው። የታደለች እናት፣ ባለቤቴ አበበች፣ እየፈራች «ዛሬ ነው እኮ» አለችኝ። ለእናቷ ሰዓቱንም ክፍሉንም ነግራታለች። ለእኔ አልነገረችኝም። ያልነገረችኝ ሥራ እንዳልፈታ አዝና ነው አልኩ። ሰው ለራሱ የሚያወጣለት ትርጉም እንዴት ያማረ ነው! ለበዓል የምለብሰውን ኮት አወጣሁ፤ ጫማዬን ወለወልኩ። ሳልጠራ መሄዴ ለእኔ ትልቅ ፍቅር ነበር። ለሌላ ልጅ ያላደረግኩትን ላደርግላት ነው። ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ታየኛለች፤ ደስ ይላታል። እንዲህ ነበር ሐሳቤ።

ወደ ከተማ የወሰደኝ ላፌቦ ነው። ላፌቦ ጎረቤቴ ነው፤ የፈረስ ጋሪ አለው፤ አፉ ከፈረሱ ይፈጥናል። ኮቴን ገና ሲያይ ጀመረ።

«የታደለች አባት! ሚስት ልትጨምር ነው እንዴ?»

«ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትናገራለች» አልኩት።

«ማን? ታደለች?» ልጓሙን ሳብ አደረገ። «የእኛዋ ታደለች? ያቺ ጨዋ? እኔ እኮ ከዚህ ቁመት ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ይኸው ስንት ዓመት እቤትህ ስመጣ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። ይህንማ ሳላይ አልመለስም!»

ፈረሱን መናኸሪያው ጎን ለሚያውቀው ሰው አደራ ሰጠና ተከተለኝ። «ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም» ያለው በጆሮዬ ገብቶ ወጣ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ጨዋ ናት የተባለችው በእኔ አስተዳደግ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ውሃ አቅርባ፣ እጅ አስታጥባ፣ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሰው «ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያሳደግካት?» ሲለኝ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ዝም እል ነበር። ትሕትና መስሎኝ። ለካ ያደረግኩትን ረስቼው ነው።

ክፍሉ ጠበብ ያለ ነው። ሦስት መምህራን ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ከኋላቸው። አንደኛው መምህር ገባ በሉ ብሎ በእጁ አሳየን። መጨረሻው ረድፍ ላይ ላፌቦና እኔ ተቀመጥን። ወንበሩ ከነጠረጴዛው የተያያዘ ስለሆነ ላፌቦ ለመግባት ብዙ ታገለ። ታደለች ግድግዳው ላይ በብርሃን የሚታየውን ሥዕል እያስተካከለች ስለነበር አላየችንም። ከዚያ ዞረች። ጀመረች።

ያው የእንሰት ጓሮው ድምፅ ነው! እንደ ወንዝ ይወርዳል። ኒውክለስ አለች፣ ፕሮቲን አለች፣ ፎስፌት አለች። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ገባኝ፤ በሦስተኛው ላፌቦ በክርኑ ጎሸመኝና «ይቺ ናት?» አለ፤ ቀስ ያለ መስሎት። ሰው ዞረ። ታደለችም ቀና አለች። አየችኝ።

ቧንቧው ተዘጋ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ቃል የጠፋባት መሰለው። መምህሩ «አይዞሽ፣ ቀጥይ» አላት። አንዲት ጓደኛዋ ተነስታ የውሃ ኮዳ አቀበለቻት። ጠጣች። አፏን ከፈተች፤ ዘጋች። ሌላው መምህር ሰዓቱን አየ። ሦስተኛዋ መምህርት «ታደለች፣ ጊዜሽ እየሄደ ነው፤ ማቅረብ ካልቻልሽ ለሚቀጥለው ዓመት ልናስተላልፈው ነው» አለች፤ በክፋት አይደለም፤ ደንቡ ነው። ልጄ መምህራኑን አታይም። ውሃውን አታይም። የምታየው እኔን ነው። የፈራ ሰው አስተያየት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያ የጓሮው አስተያየት ነው፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው።

ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። እዚህ ላይ እናንተንም ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ታደለች አሥራ አንድ ዓመቷ ወደነበረበት።

ኮምፖስት የተባለ ነገር የመጣበት ዓመት ነው። ቅጠልና ፋንድያ በጉድጓድ አብስለህ ማዳበሪያ ታደርጋለህ። ሞዴል የተባለ ገበሬ ሦስት ጉድጓድ እንዲኖረው ታዘዘ። እኔ የቆፈርኩት አንድ ነበር። እንግዶች ከላይ ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ፤ መጡም፤ ደብተር የያዘ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ፣ ጫማው ጭቃ የሚፈራ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ተከትሏቸዋል። አንዱን ጉድጓድ አሳየኋቸው። «ሌሎቹስ?» አሉ። እንሰቱ ሥር አበበች ቆጮ እንዲቦካ የቀበረችባቸው ሁለት ጉድጓዶች ነበሩ፤ በእንሰት ቅጠል ተሸፍነው ድንጋይ ተጭኖባቸው። ከላይ ለሚያይ ሰው ጉድጓድ ጉድጓድ ነው። «እነዚያ ናቸው» አልኩ። ደብተር የያዘው ሰው ጻፈ። ሌላው ጎንበስ ብሎ አሸተተና «በደንብ በስሏል» አለ።

ታደለች ከእናቷ ቀሚስ ሥር ወጣ ብላ በጠራ ድምፅ «አባ፣ እነዚያ እኮ ቆጮ ናቸው። ትናንት ከዚያ በላን» አለች።

የሳቁን ነገር ተዉት። የመንደሩ ሰው ሳቀ፤ እንግዶቹ ሳቁ፤ ያ ያሸተተው ሰውዬ ራሱ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ «ልጅ ናት፤ አታውቅም» አልኳቸው። በሰባት ቀበሌ የሚታወቅ ሞዴል ገበሬ፣ ቆጮ ኮምፖስት ነው ብሎ ሲያስጎበኝ። እንግዶቹ ሲሄዱ፣ ሰዉ ሲበተን፣ ልጅቱን እንሰቱ ሥር ጠራኋት። አልመታኋትም። ብመታት ይሻል ነበር፤ የዱላ ሰንበር በሳምንት ይጠፋል። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ባለሁበት በሰው ፊት እንዳትናገሪ» አልኳት። ይህን በሀዲይኛ፣ በአባቴ ድምፅ፣ አባቴ በሚገዝትበት አነጋገር ነው ያልኩት። ራሷን ነቀነቀች። እኔ ሄጄ ከብቶቼን አጠጣሁ። እስከ ማታ ድረስ እንኳ ያስታወስኩት አይመስለኝም።

እሷ ግን ጠበቀችው። አሥር ዓመት ሙሉ። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ወላጆች ተጠርተን ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ እኔ ባለሁበት ሁሉ። መምህሯ አንድ ጊዜ «ክፍል ውስጥ አንደኛ ተናጋሪ ናት፤ ዛሬ ምን ነካት?» ብሎኝ ነበር። ጨዋ ስለሆነች ነው አልኩት።

ያውም እኮ የተናገረችው እውነት ነበር! የዋሸሁት እኔ፣ የተገዘተችው እሷ። ይህን እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ሳስበው ፊቴ ነደደ። ሌላው የሚያውቅ መሰለኝ። መምህራኑ፣ ተማሪዎቹ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የኒውክለስ ሥዕል ሳይቀር ዞሮ የሚያየኝ መሰለኝ።

ታዲያ መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ያሰረ ነው የሚፈታ። «ተናገሪ፣ ልጄ» ማለት ነው። ሁለት ቃል። ከ«አምጡ» ብዙም አይረዝምም። አፌን ከፈትኩ። በዚያ ሁሉ መምህር፣ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት፣ ሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ገበሬ፤ ደግሞስ «ለምን ከለከልካት?» ቢሉኝስ? ቃሉን ልለው ሞከርኩ። አልወጣም።

ብልህ ሆኜ ነው ያደረግኩት ብላችሁ እንዳታስቡ። ቃሉ ስለከበደኝ ነው። ተነሳሁ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ሁሉም ዞሮ እያየኝ፣ ጫማዬ እየጮኸ፣ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ከኋላዬ አንድ ተማሪ «አባቷ ነው እንዴ? ጥሏት ሄደ እኮ» ሲል ሰማሁ።

ከውጭ ከመስኮቱ ሥር አንድ የግራቪሊያ ዛፍ አለ። እዚያ ቆምኩ።  ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ቀጠን ብሎ፣ በኋላ እንደ ወንዝ።

ልጄ ያኔ የነገረቻቸውን ከመስኮት ሥር ሆኜ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲል የኒውክለሱ ግድግዳ ይፈርሳል። የሚያፈርሰው መዶሻ አይደለም፤ ግድግዳውን በሠሩት ፕሮቲኖች ላይ የሚለጠፍ ፎስፌት ነው። ፎስፌቱ ሲለጠፍባቸው እርስ በእርስ መያያዝ ያቅታቸዋል፤ ይበታተናሉ። ከዚያ ክፍፍሉ ሲያልቅ አውላቂዎቹ ይመጣሉ። ፎስፌቱን ከአንዱ ያነሳሉ፣ ወደ ሌላው ያልፋሉ፣ እነሱ ራሳቸው አያልቁም። የተበታተኑት ተመልሰው ይያያዛሉ፤ ግድግዳው ይቆማል፤ እልፍኙ እልፍኝ ይሆናል።

«ሁሉም ስለሚለጥፉት ነው የሚያጠናው» አለች መምህርቷ። «አንቺ ለምን የሚያወልቁትን መረጥሽ?»

«ሳያወልቁ ቢቀሩ ቤት አይኖርማ» አለች ልጄ።

ከዚያ አንዱ መምህር የሆነ ነገር ጠየቀ፤ እሷ የሆነ ነገር መለሰች፤ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። የላፌቦ ሳቅ ለብቻው ይሰማል። ምን እንዳለች አልሰማሁም። ልጄ ሰው ታስቃለች። ሃያ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬ አላውቅም ነበር።

በዚያች ሰዓት ስለ ራሴ የገባኝን በአጭሩ ልንገራችሁ። አባት ሆኜ ልጄን ልደግፍ ሄድኩ። የደገፍኳት ወጥቼ ነው። አውላቂው ልሆን ይገባኝ ነበር፤ ለካ የሚወልቀው እኔው ነበርኩ።

አለፈች። ሲወጡ ላፌቦ ከፊት ነው፤ እጁን እያወናጨፈ ለማያውቃቸው ተማሪዎች «የጎረቤቴ ልጅ ናት» ይላል። ታደለች ወደ እኔ መጣች። ከግራቪሊያው ሥር ቆመን ተያየን።

«ጨረስሽ?» አልኳት።

«ጨረስኩ፣ አባ።»

«ደግ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ወሬው ሁሉ ሆዴ ውስጥ አለ፤ በሩ ግን አልከፈት አለ።

ቀጣዩ ቀን ትምህርት ስለሌላት አብራን ወደ ቤት ተመለሰች። ጋሪው ላይ ላፌቦ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ከተማውን እንደወጣን ላፌቦ ተነሳብኝ።

«አንተ ሰው ግን ምን ዓይነት ፍጥረት ነህ? ልጅህ ያን ሁሉ ሕዝብ ስታስጨበጭብ ጥለህ ትወጣለህ? ጠላትህ ናት? ምን አደረገችህ? ታደለች፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ታደለች እግሯን አየች። ምንም አላለችም። ላፌቦ ሰው ነው፤ እኔም አለሁ፤ ግዝቱም እንዳለ አለ። ከመስኮቱ ወዲያ ያ ሁሉ ቃል የነበራት ልጅ ጋሪ ላይ ከእኔ ጎን ስትቀመጥ ድንጋይ ሆነች። መውጣቴ ለአንድ ሰዓት ፈታት እንጂ ጨርሶ አልፈታትም። እድሜ ልኳን ከገባችበት ክፍል ሁሉ እየቀደምኩ ልወጣላት ነው?

«የታደለች አባት፣ መልስ እንጂ!» አለ ላፌቦ።

ፈረሱ ዳገቱን ጀመረ። ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ፣

«ላፌቦ» አልኩ፣ «ያኔ እንግዶች የመጡ ጊዜ፣ የኮምፖስቱ ጉድጓድ አንድ ብቻ ነበር።»

«ምን?»

«ሁለቱ የቆጮ ነበሩ። እሷ ያለችው ልክ ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት። በሰው ፊት እንዳትናገር ከለከልኳት። አሁን አንስቻለሁ። ትናገር።»

ላፌቦ ልጓሙን ያዘና ዞሮ አየኝ። አፉ ተከፍቶ ቃል ያልወጣበት ያን ቀን ብቻ ነው። ፈረሱም ግራ ገብቶት ቆመ። በመንገዱ ሳር የተሸከሙ ሴቶች እያዩን አለፉ። ጆሮዬ ጭምር ጋለ፤ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ እንደ ተማሪ ልጅ አፈርኩ። ልጄን ለማየት አልደፈርኩም። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ወይም ትስመኛለች። ወይም ዝም ትላለች፤ አሥር ዓመት የለመደችውን።

ታደለች ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጋሽ ላፌቦ» አለች፣ በዚያ በጠራው ድምፅ፣ «አንዱም ቢሆን ሙሉ አልነበረም እኮ። እስከ ጉልበቴ ነው የነበረው። አባ ከላዩ ቅጠል በትኖበት ነው።»

ላፌቦ እስኪያለቅስ ሳቀ። ፈረሱ ያለ ማንም ትእዛዝ መንገዱን ቀጠለ። ልጄ ደግሞ ያዘች፤ ቤት እስክንደርስ አላቆመችም፤ ለበሬዎቹ ስም የማወጣበትን፣ ስብሰባ ላይ የማንቀላፋበትን፣ ፊት ለፊቴ ለላፌቦ ታወራለታለች። «ይበቃል» የምትለዋ ቃል ሁለት ጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች። ዋጥኳት። የዝምታው ተራ የእኔ ነበር።

አሥሩ ዓመት ግን አልተመለሰም፤ የሚመልሰው ኢንዛይም ካለ ታደለችም አላገኘችውም። ጠይቄያታለሁ።

እነሆ ወሬው በሳምንቱ ቀበሌውን አዳረሰው። ገበያ ስወጣ «ጉድጓዱ ስንት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልጆቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። እውነቱ ይኸው ነው፤ ጉድጓዱ አንድ ነበር፣ እሱም እስከ ጉልበት። የዚያን ቀን ሪፖርት ግን እስካሁን ያረመው የለም፤ እዚያ ላይ አሁንም ሦስት ነው።